ሻምፒዮኑ ማይክሮፎን ሲያነሣ

(በባሕር ዳር፣ በታዳጊዎች የክረምት የስፖርትና የኪነት ሥልጠና መዝጊያ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ አሠልጣኞች፤ ከሁሉም በላይ ክረምቱን ሙሉ በዝናብና በጭቃ ስትሮጡ የከረማችሁ ልጆቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ለታዳጊዎች አርአያ የሚሆን የስፖርተኛ ሕይወት» ይላል። ስለ አበበ ቢቂላ ወይም ስለ ደራርቱ ይናገራል ብላችሁ የጠበቃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእነሱን ታሪክ እዚህ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ካለም አሠልጣኞቹ ከእኔ በተሻለ ይነግሩታል። እኔ የመጣሁት የሌላ አፍሪካዊ ታሪክ ይዤ ነው። ያኒክ ኖህ ይባላል። የቴኒስ ሻምፒዮን ነበር፤ ኋላ ዘፋኝ ሆነ። ይህንኑ ለአንድ ወዳጄ ሳጫውተው «አንተ ሰው፣ ደግሞ ዘፋኝ ነው ለልጆች አርአያ የምታደርገው?» ብሎ ተቆጣኝ። ተባረክ አልኩት። እኔም ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚያች ጥያቄ መልስ ልሰጥ ነው።

የምጠራው ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ስምንት እየቀነሳችሁ አትድከሙ።

አባቱ ዘካሪ ኖህ ከካሜሩን ሄዶ በፈረንሳይ አገር ለሴዳን ክለብ ይጫወት የነበረ ኳስ ተጫዋች ነው፤ በ1961 ከክለቡ ጋር የፈረንሳይን ዋንጫ ወስዷል። እናቱ ፈረንሳዊት መምህርት ናት። ልጁ በ1960 እዚያው ሴዳን ተወለደ። አባትየው ጉዳት ደርሶበት ጫማውን ሲሰቅል ቤተሰቡ ወደ ያውንዴ ሄደ፤ ስለዚህ ያኒክ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው በካሜሩን ነው።

በ1971 አርተር አሽ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የቴኒስ ኮከብ አፍሪካን ሲጎበኝ ያውንዴ ደረሰ። አሽ በ1968 የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ፣ በኋላም በ1975 ዊምብልደንን የወሰደ ሰው ነው፤ በሁለቱም ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች ከጥቁር ወንዶች የመጀመሪያው አሸናፊ እሱ ነው። እዚያ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ሲጫወት አየ። አብሮት ተጫወተ፣ ራኬት ሰጠው፣ ለፈረንሳይ ቴኒስ ኃላፊዎችም ስለ ልጁ ነገራቸው። ብዙም ሳይቆይ ልጁ እናት አባቱን ትቶ ኒስ ከተማ ወደሚገኝ ማሠልጠኛ ሄደ። እዚህ ያላችሁ እናቶች ልጃችሁ ዓባይን ተሻግሮ አክስቱ ቤት ቢያድር እንኳ እንቅልፍ አይወስዳችሁም፤ የዚያችን እናት ሆድ እናንተው ገምቱት።

ጁን 5 ቀን 1983 ኖህ በፓሪስ፣ ሮላንድ ጋሮስ በሚባለው ታላቅ የቴኒስ ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ ያለፈውን ዓመት አሸናፊ፣ ስዊድናዊውን ማትስ ቪላንደርን 6 ለ 2፣ 7 ለ 5፣ 7 ለ 6 አሸነፈው። ፈረንሳዮች በገዛ ሜዳቸው በወንዶች ነጠላ አሸናፊ ካዩ ከ1946 ወዲህ 37 ዓመት አልፏቸው ነበር። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬም ሌላ አላገኙም። ጨዋታው እንዳለቀ አባቱ ከተመልካቹ መካከል ወደ ሜዳው ገብቶ ተጠመጠመበት። ጉዳት ከሜዳ ያስወጣው አባት፣ በልጁ እግር ተመልሶ ሜዳ ገባ። ይህን ምስል ፈልጋችሁ እዩት፤ ከእኔ ንግግር ይበልጣል።

ኖህ በ1986 በዓለም ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል። በነጠላ ካሸነፋቸው ታላላቅ ውድድሮች ግን የቀረችለት ያቺው አንዷ ናት። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ለእኔ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ1991 «ሳጋ አፍሪካ» የሚል ዘፈን አወጣ። ትልልቆቻችሁ የ1990ውን የጣልያን የዓለም ዋንጫ ታስታውሳላችሁ፤ ካሜሩን በመክፈቻው አርጀንቲናን 1 ለ 0 ስትረታ፣ ሮጀር ሚላ በ38 ዓመቱ ጎል እያገባ ማዕዘን ምት መምቻው ጋ ሄዶ ሲጨፍር። ዘፈኑ ከዚያ ሞቅታ የተወለደ ነው። በ1991 መጨረሻ ኖህ አገሮች በቴኒስ በሚፋለሙበት በዴቪስ ካፕ የፈረንሳይ ቡድን አለቃ ሆኖ ሊዮን ላይ አሜሪካንን ገጠመ። አሜሪካኖቹ የዘመኑን የቴኒስ ኮከቦች፣ እነ ሳምፕራስንና አጋሲን ይዘው ነው የመጡት። ፈረንሳይ ዋንጫውን ከ1932 ወዲህ አላየችውም። አሸነፉ። ቀጥሎ ምን ሆነ? አለቃውና ተጫዋቾቹ ተሰልፈው፣ በዚያው በአለቃቸው ዘፈን፣ ሜዳውን እየዞሩ ጨፈሩ!

አለቃው ነው የዘፈነው። አለቃው ነው ያስጨፈረው። ማንም «ክብርህን ጠብቅ» አላለውም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ስትሮጥ የመጨረሻዋ ዙር ላይ እንኳ ፊቷ አይለወጥም፤ ጎረቤት ቡና ተጠርታ የምትሄድ ነው የምትመስለው። አባቷ አዝማሪ ነው። በሠርግ፣ በማኅበር፣ በጠጅ ቤት እየተጫወተ ነው ልጆቹን ያሳደገው። ልጅቷ የአባቷን እጅ ወርሳለች። ልምምድ ስትመጣ ማሲንቆዋን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ትመጣና አጥሩ ሥር ከቱታዋ ጋር ታስቀምጠዋለች። ሩጫው አልቆ ሌሎቹ እግራቸውን ሲያፍታቱ፣ እሷ የደጋኑን ጭራ ሙጫ ታስነካና መቃኘት ትጀምራለች። ላቧ ገና አልደረቀም። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ ጣት ትንሽ ከሳተች ዜማው ይበላሻል። የሮጠ ሰው እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እሷ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ትከሻዋን አውርዳ፣ ከዚያ ትመታዋለች። አንድ ቀን «እንዴት ነው እንዲህ ቶሎ ትንፋሽሽ የሚመለሰው?» ብላት «ጋሼ፣ ከአባቴ ጋር ስዘፍን የለመድኩት ነው» አለችኝ። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ በኮሌጅ የተማርኩ ሰው፣ ይህን ማንም አላስተማረኝም ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ። በውድድር አንደኛ ስለወጣች ሽልማት አላት። ሽልማቷን ተቀብላ አንድ ዜማ እንድትጫወት ፕሮግራም ውስጥ አስገባኋት። አባቷ አዲስ ጋቢ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ተራዋ ሲደርስ አንድ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደና «የተጠራነው ስፖርተኛ ልንሸልም ነው፤ አዝማሪ ልናስጨፍር አይደለም» አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። በአባቷ ፊት። ሰዉ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሳቀ! አባትየው ተነሣ፣ ጋቢውን አጣፋ፣ ወጣ። ልጅቷ በአንድ እጇ ዋንጫዋን፣ በሌላው ማሲንቆዋን ይዛ ተከተለችው።

ዝም አላልኩም፤ ቢሮው ገብቼ የሚባለውን ሁሉ አልኩት። ብዙም ሳይቆይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ከተመደቡበት ሙያ ውጭ በመግባት» ይላል። በሥራ ዘመኔ ብዙ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ግን እሷን ደብዳቤ ብቻ ነው።

ቆይ፣ አላለቀም። እኚያ ኃላፊ ልጃቸውን ሲድሩ ማንን የጠሩ ይመስላችኋል? አዝማሪ ነዋ! ስማቸውን በግጥም አስጠርተው፣ ዘር ማንዘራቸውን አስወድሰው፣ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈው! በሠርጋችን ቀን አዝማሪው ያስፈልገናል፤ ልጁ ከልጃችን ጎን ሲቀመጥ ግን ያንገሸግሸናል። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ ምን ይባላል?

በዚህ አገር፣ በጎጃም ምድር፣ ሽለላና ፉከራ ሳይሰማ የዘመተ ጀግና አለ? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. (ይህቺ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ናት) በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቱ አሳድዳችሁ አጥፉ ብሎ ካዘዘባቸው ሰዎች ውስጥ አዝማሪዎች ይገኙባቸዋል። ባሕታዊና ንግርት ተናጋሪም አብረው ነበሩ፤ የጣልያን መንግሥት ያበቃለታል እያሉ ሕዝቡን ያነሣሡብናል ብሎ ፈራቸው። ታንክና አውሮፕላን የያዘ ጄኔራል ማሲንቆ ፈራ! ጠላት የፈራውን እኛ እንንቃለን።

ዜማና ጉልበት ደግሞ እዚህ ሐይቅ ዳር መቼ ተለያይተው ያውቃሉ? በጣና ገዳማት ማኅሌት ሲቆም ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ ቆሞ፣ መቋሚያ ይዞ፣ ጸናጽል እያንሿሿ የሚያነጋውን ሊቅ ያየ ሰው፣ ስለ ጽናት ከስፖርት መጽሐፍ ብዙ አይጠብቅም። ታንኳ ቀዛፊውንም ጠይቁት፤ ከዘጌ ወዲህ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ የሚረዳው እንጉርጉሮው ነው።

ታዲያ በዚህ ክረምት ምን አደረግን? አዘጋጆች እንዳትቀየሙኝ፤ ቀድሜ ለእናንተም ነግሬያችኋለሁ። ልጆቹ የሞሉት ቅጽ ላይ «ስፖርት» እና «ኪነት» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ከሥራቸው «አንዱን ብቻ ይምረጡ» ይላል። አንድ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ፣ እግሩም እሳት የሆነ፣ እስክሪብቶ ይዞ ቆሞ ሲያመነታ አየሁት። እናቱ ከኋላው «ስፖርት በል፣ ስፖርት በል!» ትለዋለች። ሞላው። ዋሽንቱ ክረምቱን ቤት ከረመ። እናትየውን አልወቅሳትም፤ የፈራችውን አውቃለሁ። ሯጭ ልጅ ያላት እናት «የእገሌ እናት» ተብላ ትከበራለች፤ ዘፋኝ ልጅ ያላት እናት ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይንሾካሾኩባታል። የምወቅሰው የሚንሾካሾኩትን ነው፤ እዚህም አዳራሽ ውስጥ አትጠፉም!

ኖህ ከ«ሳጋ አፍሪካ» በኋላ በሙዚቃው ወዲያው አልተሳካለትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምፁም የሚያስደነግጥ ድምፅ አይደለም፤ ከእኛ የሠርግ ዘፋኞች ብዙዎቹ ይበልጡታል። ነገር ግን በ2000 ባወጣው አልበም ሕዝቡ ተቀበለው፤ በ2010 በፈረንሳይ ትልቁ ስታዲየም፣ በስታድ ደ ፍራንስ ዘፈነ። ፈረንሳዮች በጣም የሚወዱትን ሰው በሚመርጡበት የሕዝብ አስተያየት ደጋግሞ አንደኛ ወጥቷል። በድሃ ሰፈር ላሉ ልጆች ቴኒስ የሚያስተምር ማኅበር በ1996 አቋቁሟል። ልጁ ጆአኪም በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ በ2014 ምርጥ ተከላካይ ተብሏል። አባቱ በ2017 ሲያርፍ ኖህ ያውንዴ ተመልሶ በኤቱዲ የአባቱን የባህል አለቅነት ወረሰ። ዘፋኝ ነው ብለው አልናቁትም፤ አለቃ አደረጉት።

እሱ ብቻም አይደለም። ጆኒ ማቲስ የሚባል አሜሪካዊ ከፍታ ዘላይ ለ1956ቱ የሜልበርን ኦሊምፒክ ማጣሪያ ተጋብዞ ሳለ ዘፈን ለመቅረጽ ሲል ቀረ፤ እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈልንበት ኦሊምፒክ ነው ያ። ፖል ሮብሰን ደግሞ በአሜሪካ ፉትቦል በአገር ደረጃ የተመረጠ፣ ሕግ የተማረ ጥቁር ዘፋኝ ነበር፤ መንግሥቱ ስለፈራው በ1950 ፓስፖርቱን ነጠቀው። የሱ ታሪክ ለብቻው አንድ ክረምት ይፈጃል።

አሠልጣኞች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ፦ የሚዘፍን ልጅ ስታገኙ ከቡድን አታውጡት። ወላጆች ደግሞ የነገርኳችሁን ሰምታችኋል። ቅጹንም ለሚመጣው ክረምት እንደሚቀይሩት አዘጋጆቹ ቃል ገብተውልኛል፤ በእናንተ ፊት የተናገርኩት ምስክር እንድትሆኑኝ ነው።

ስለ አመጋገብና ስለ እንቅልፍ የተጻፈልኝ አንድ ገጽ ነበር፤ ሰዓቱ አልቋል፣ አሠልጣኞቹ ይንገሯችሁ። የኪነት ልጆች ሁልጊዜ ተራ የሚደርሳቸው ከሽልማቱ በኋላ ነው፤ ሰዉ ወጥቶ ለባዶ ወንበር ነው የሚጫወቱት። ዛሬ ከሽልማቱ በፊት እንዲሆን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ዋሽንት ያለው ልጅም ከሯጮቹ ሰልፍ ወጥቶ ከእነሱ ጋር ይግባ፤ ሜዳልያውን በኋላ ይቀበላል።

አመሰግናለሁ።