ወፍ ነገረችኝ

እሺ... እየቀዳ ነው? ደብረ ብርሃን ዛሬ ጉም ውጧታል፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ነው የማወራችሁ። ስለ ብርዱ ዳግመኛ አላነሳም ብዬ ነበር አይደል? ይኸው።

ያቺ ተማሪ ሳለሁ የሄድኩባት የግቢ ገንዘብ ቤት መስኮት... አዎ፣ እንደገና ልመለስባት ነው። የግቢው ስም ይቅር። ዶርም ውስጥ ላፕቶፕ ጠፋ፤ «ለጠቆመ 2,000 ብር፣ ስም አይጠየቅም» ተብሎ ተለጠፈ። እኔ ብልጡ፣ ያየሁትን በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩና ከታች ስልኬን አስቀመጥኩ። ስልክ ስም አይደለማ!

ደወሉልኝ፤ ሄድኩ። መስኮቷ ላይ በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ አለ። «ስም?» አለችኝ፣ ጮክ ብላ። «ስም አይጠየቅም ተብሎ...» «ታዲያ ያለ ስም በምን ላወራርደው?» ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፏል። አንዱ የኛው ብሎክ ልጅ ነው፤ ነጠላ ጫማውን እያየ ነበር። ዝም ብሎ ጫማውን። እኔም... ፈረምኩ።

አሜሪካ ክራይም ስቶፐርስ የሚሉት፣ ስም ሳይሰጡ ወንጀል የሚጠቁሙበት አሠራር አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. አልበከርኪ ውስጥ፣ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ የኮሌጅ ተማሪ ተገድሎ ነው የተጀመረው። ደዋዩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሽልማቱንም በቁጥሩ ይወስዳል። ዛሬ የኮሌጅ ግቢዎችም አላቸው። ቁጥር ብቻ! ይሄ ምን ያቅታል?

አያቴ ስለ አውጫጭኝ ስታወራ፣ ዕቃ ሲጠፋ አገሩ ተሰብስቦ ይውላል፤ የጠቆመው ሰው ግን አይታወቅም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚባለው። ወፏን የሚያስፈርም ገንዘብ ያዥ የለም። እኛም የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አለን፣ 699/2003። እሱ ግን ለከባድ ወንጀል ነው፤ ለላፕቶፕ ማን...

ቆይ፣ ወሬዬ ስለ ፊርማ አልነበረም። ያየሁት ምን ነበር? የጠቆምኩበት ልጅ ማታ ጋቢው ስር የሆነ ነገር ይዞ ሲወጣ። ላፕቶፑ ሌላ ልጅ ሎከር ውስጥ ተገኘ፤ «አደራ ብሎኝ ነው» አለ። ልጁ ደግሞ «እኔ አላልኩም»። ሁለቱም ተቀጡ። ብሩ ባይኖር እጽፍ ነበር? እጽፍ ነበር... መሰለኝ። ብርድ ልብስ ገዛሁበት። እዚሁ የተሠራ፣ አሪፍ ብርድ ልብስ ነው፣ እስከ ዛሬ...

ባለፈው ሳምንት ጠባሴ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ልጁ። «ሰላም ነው?» አለኝ። ሰላም ነው አልኩ። ሊወርድ ሲል ብር አወጣና ለሹፌሩ «የሁለት ሰው ነው» አለው። ተው እንኳ አላልኩም።

ያውቃል እንዴ? ያ ነጠላ ጫማውን ሲያይ የነበረው ልጅ ነግሮት ከሆነ... ግን ካወቀ ለምን... እንጃ። ስልኬ እየጠራ ነው፣ ቆይ...