ልብሽ የት ሄደ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ይህን ፕሮግራም ያዘጋጁት ልጆች «ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ንግግር አድርጊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሰው ምሳውን በልቶ ዓይኑ ከበድ በሚልበት ሰዓት ንግግር? ርዕሱን ሳስበው ግን ከዚህ የተሻለ ሰዓት አጣሁ። ስለዚህ ከጅምሩ ፈቃድ ልስጣችሁ። በመሀል ልባችሁ ሹልክ ብሎ ቢሄድ አልቀየምም። ማንኮራፋት ብቻ ክልክል ነው።

የመጣሁት ስለዚሁ ሹልክ ስለሚል ልብ ላወራችሁ ነው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የምቀመጠው ከመስኮቱ ሥር ነበር። የከሰዓት ፈረቃ ነን። አንድ ቀን መምህሩ ክፍልፋይ ያስተምራሉ። እኔ የለሁም። ገላዬ ዴስኩ ላይ ነው፤ ልቤ በመስኮቱ ወጥቶ ሄዷል። የነቃሁት ጠመኔ ተወርውሮ ግንባሬን ሲመታኝ ነው። «ልብሽ የት ሄደ?» አሉኝ። እኔም ሞኝ ነኝ፣ እውነቱን ተናገርሁ። «ጃንተከል» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግን እውነቴን ነበር። የጎንደሩ ትልቅ ዋርካ፣ ጃንተከል ሥር ቁጭ ብዬ፣ ይህ ዛፍ በሥሩ ያለፈውን ሰው ሁሉ ቢቆጥር ስንት ይደርስ ነበር እያልሁ ነበር። ለዚያ መልስ ደወል እስኪደወል ተንበረከክሁ።

ዛሬ የሒሳብ መምህርት ነኝ። መቁጠር ያን ቀን ጀምሬ ነበር ማለት ነው።

እስኪ አማርኛችንን እንየው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ስንት ቃል አለን! የተከዘ ሰው ሐዘን ነክቶታል። የቆዘመ ሰው ነገር ገብቶበታል። የባከነ ሰው እጁም ልቡም ሥራ ላይ የለም። የሚብሰለሰል ሰው አንዱን ጉዳይ ብቻ፣ ያንኑ ንግግር፣ ያንኑ ቂም፣ እንደ ሽሮ ድስት ሲያንተከትክ ይውላል። የተመሰጠ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ እሱን እናከብረዋለን፣ ድምፅም አናሰማበትም። እነዚህን ሁሉ ለይተን እናውቃለን። ግን ተራውን ነገር፣ ልብን እንደ ጥጃ መስክ ላይ ለቅቆ ዳር ላይ ቁጭ ማለትን፣ ደህና ስም አላወጣንለትም። ያለን ስድብ ነው። «ፈዛዛ» እንላለን። «አፉን ከፍቶ» እንላለን። «ልቡ ሸፈተ» ስንል ደግሞ ልብ ጠመንጃ ይዞ ጫካ የገባ ይመስላል።

ይህ ስድብ ከየት እንደመጣ ይገርመኛል። ጎንደር እንዲህ ያለ ከተማ አልነበረችማ።

አንድ አጎት ነበሩኝ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ ቁራሽ እየለመኑ። ከሁሉ የሚያወሩልን ስለ ቆጠራ ነበር። የቅኔ ተማሪ ቆጠራ ወጣ ሲባል ብሩን ሊቆጥር አይደለም። ብቻውን ከሰው ይርቃል። ከዛፍ ሥር፣ ከመቃብር አጠገብ፣ ከወንዝ ዳር ይቀመጣል። ሰሙን ከወርቁ እያገናኘ፣ ቤት እየመታ፣ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የራሱን አዲስ ቅኔ ያወጣል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ መምህሩም ያቃናሉ። አስቡት እንግዲህ። ተማሪው ለሰዓታት ብቻውን ዛፍ ሥር እንዲቀመጥ የሚታዘዝበት ትምህርት ቤት ነው። ያውም እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ትምህርት!

አጎቴ አንድ ቀን ቆጠራ ላይ ሳሉ ጥጃ የለምዳቸውን ጫፍ ይዛ ስታኝክ አላዩም። ሲነሡ ለምዱ በአንድ በኩል አጥሯል። «ቅኔዋስ ደህና ወጣች?» ብለን ስንጠይቃቸው «ከለምዱ ትሻላለች» ይሉ ነበር።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ትምህርት አልገባህ ብሎት፣ ተገርፎ፣ ከጉባኤ ቤት ይሸሻል። ዛፍ ሥር ሲቀመጥ አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትሳካላት ያያል። እኛ መምህራን ይህን ታሪክ የምንወደው ለትሏ ስንል ነው። «እንደ ትሏ ሁኑ» እንላለን። ያሬድን ግን እንረሳዋለን። ትል ሰባት ጊዜ ስትወጣና ስትወርድ ቁጭ ብሎ የሚያይ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሌላ ጉዳይ የሌለው ሰው ነው። ስልክ በእጁ ቢኖር ኖሮ በሁለተኛው ውድቀት ላይ ዓይኑን ያነሣ ነበር።

ስለ ስልክ ካነሣሁ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰዎችን አንድ በአንድ ባዶ ክፍል አስገቧቸው። ለ15 ደቂቃ ከሐሳባችሁ ጋር ብቻ ተቀመጡ ተባሉ። አንዲት ቁልፍ አለች። ስትጫናት ትንሽ ኤሌክትሪክ ትነዝርሃለች። ሰዎቹ ንዝረቱን አስቀድመው ቀምሰውታል፣ ዳግመኛ እንዳይነዝረን ገንዘብ እንከፍላለን ብለዋል። ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን ከ18 ወንዶች 12ቱ ቁልፏን ተጫኑ። ከ24 ሴቶች 6ቱ። አንዱ ሰውዬ 190 ጊዜ ተጫናት! ወንዶች፣ አትቆጡ፤ ቁጥሩን ያመጣሁት እንጂ የፈጠርሁት አይደለም።

ሰው ከገዛ ልቡ ጋር ሩብ ሰዓት መቀመጥ ከኤሌክትሪክ በላይ ከበደው ማለት ነው።

ደግሞ ተቃራኒውን ብደብቃችሁ ልክ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን ቀን በቀን በስልካቸው መተግበሪያ ጥያቄ እየላኩ «አሁን ምን እየሠራህ ነው? ልብህስ የት ነው? ደስ ብሎሃል?» ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ከተጠየቁበት ጊዜ 47 በመቶ በሚሆነው ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። እና ልባቸው ሲሄድ ደስታቸው ይቀንስ ነበር። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። መምህሬ በጠመኔ የመቱኝ ለደስታዬ ብለው ይሆን እንዴ? በኋላ ግን አሰብሁት። ያ 47 በመቶ የቆጠረው ሁሉንም በአንድ ላይ ነው። ሥራ ላይ ሆኖ የሚባክነውን፣ አልጋው ላይ የሚብሰለሰለውን፣ ዋርካ ሥር የሚንሸራሸረውን። አማርኛ የለያያቸውን አንድ ስልቻ ውስጥ ከተታቸው። የኔ ንግግር ስለ ሦስተኛው ነው። የሚብሰለሰል ልብ ያመኛል፤ ለማንም አልመክረውም።

አሁን ወደ ክፍሌ ልመልሳችሁ።

መጋቢት ላይ ነው። ጂኦሜትሪ አስተምራለሁ። አንድ ልጅ፣ እኔ ከምቀመጥበት ዓይነት ቦታ፣ በመስኮቱ ወጥቶ ሄዷል። ጠመኔው እጄ ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሳልወረውር «ልብህ የት ሄደ?» አልሁት። «ቲቸር፣ ባንዲራው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ምኑን ነው የምታየው ስለው ጥላውን ነው አለኝ። የሰንደቁ እንጨት ጥላ ቀትር ላይ ድንክ ነበር፣ አሁን እየረዘመ ነው፣ ማታ ከግቢው ይወጣል። «እና በመሀል አንድ ጊዜ ከእንጨቱ ጋር እኩል መሆን የለበትም?»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አፍ መክፈት እንዲህ ነው።

መጽሐፉን ዘግተን ወጣን። አንድ ሜትር የሆነ ዱላ ቆርጠን ሜዳው ላይ ቀጥ አድርገን ተከልን። ጥላውን እየለካን ጠበቅን። ሰማንያ ሣንቲ ሜትር። ዘጠና። 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ የዱላው ጥላ ልክ አንድ ሜትር ሆነ። ያኔ ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ናት፤ የዱላው ጥላ ከዱላው እኩል ከሆነ የሰንደቁም ጥላ ከሰንደቁ እኩል ነው። ልጆቹ ሜትር ይዘው እየሮጡ ጥላውን መሬት ላይ ለኩ። ማንም እንጨቱ ላይ ሳይወጣ ቁመቱን አወቅን። አንዲት ልጅ «አያቴ ሰዓት የምታውቀው እንዲህ ነው፣ ጥላዋን በጫማ እየለካች» አለች። ልክ ናት። አባቶቻችን የጾም መፍቻውን 9 ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ነበር። እኔ አሥራ ምናምን ዓመት ጂኦሜትሪ ሳስተምር ይህን ከትምህርቱ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

አሁን እንግዲህ የምትጠብቁት ምክር ካለ አጭር ነው። ወላጆች፣ ልጁ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ወዲያው አትላኩት። ሱቅ የትም አይሄድም። ተማሪዎች፣ ይህ ለፈተና ሰዓት አይሠራም፤ መምህሬ እንዲህ አሉ ብላችሁ እንዳትጠቅሱኝ። የቀረውን ራሳችሁ ታውቁበታላችሁ።

ስለ እናቴ ሳልናገር ግን አልወርድም።

ቤታችን ደጅ ላይ ሲቀመጡ የቁስቋም ተራራ ይታያል። እቴጌ ምንትዋብ ከፋሲል ግቢ ፈንጠር ብለው እዚያ ቤተ መንግሥት ያሠሩበትን ምክንያት የታሪክ ሰዎች ይንገሯችሁ። እኔ የማውቀው እዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ደስ የሚል ጸጥታ መኖሩን ነው። እናቴ እሑድ እሑድ መብራት ሲጠፋ ደስ ይላታል። ሬዲዮው ዝም፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም። በርጩማዋን ደጅ ታወጣለች። ቡናዋን ትቆላለች፣ ትወቅጣለች። አቦሉን ቀድታ ትሰጠንና ጀበናውን ለቶናው ፍሙ ላይ ትመልሰዋለች። በአቦልና በቶና መካከል ግን አትናገርም። ማራገቢያው ጭኗ ላይ ይተኛል። ዓይኗ ቁስቋም ላይ ነው። ጎረቤት ሰላም ቢላት አትሰማም። እኛም ልጆቿ ዝም እንላለን። እንዲህ አድርጉ ያለን የለም፤ ዝም ብለን ነው ያወቅነው።

ባለፈው እሑድ፣ ይህን ንግግር እያዘጋጀሁ ስለነበር፣ አላስቻለኝም። «እማ፣ ልብሽ የት ሄደ?» አልኋት።

ትንሽ ቆየች። ከሩቅ አገር እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ጀበናውን አየችው።

«ገነፈለ እኮ!» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

አመሰግናለሁ።