ያቺ ቁራሽ ዳቦ

እ... እንዴት ሰነበታችሁ። ቡናው ገና አቦል ላይ ነው፤ በረካ ሳይደርስ ከጨረስኩ ተአምር በሉት።

ያ ከወሎው አቡነ ዮሴፍ ተራራ የላካችሁልኝ ቪዲዮ፣ ወላሂ አልለቀቀኝም። ሁላችሁም «ቀይ ቀበሮዋ ስታምር!» ብላችሁ ጻፋችሁ። ታምራለች። እኔን የያዘችኝ ግን ዳቦዋ ናት።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልመልሰው። ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ቀበሮዋ መሃላቸው፣ አንድ ጉድጓድ ላይ አፍጥጣ። ግልገል ያቀፉት እናቶች እንኳ ቀና አላሉም። መንዝ ጓሳ ላይ ያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ነገር አለ፦ ቀበሮዋ ጭላዳ መሃል ሆና አይጥ ስታድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካላታል፤ ብቻዋን ስትሆን ከአራት አንዱ። ምናልባት ጭላዳዎቹ አይጡን ከጉድጓዱ ይረብሹታል፣ ምናልባት እሷን ከአይጡ ይሸፍኗታል። ለዚህ ነው መሃላቸው ስትገባ ቀስ የምትለው። አትሮጥም፣ ወዲያ ወዲህ አትልም። እንዳይበረግጉባት።

እና ልክ እዚያ ላይ፣ ከካሜራው ጀርባ «እንካ! እንካ!» ይላል አንድ ሰው። ቁራሽ ዳቦ ትወድቃለች። ሰውየውን ተከትሎ የወጣው ውሻ ገባ። ጭላዳዎቹ ብድግ፣ ሁሉም ወደ ገደሉ። ቀበሮዋ ቀና አለች... ቪዲዮው አለቀ። ደግሜ ደግሜ እዚያው ላይ አቆመዋለሁ፣ ከዳቦዋ በፊት። ምን እንደምፈልግበት እንጃ።

ሰውየው ክፉ አይደለም እኮ! ውሻው ርቦታል፣ ከታች ከገብሱ ማሳ ጀምሮ ተከትሎታል። ግን ውሻ የሚከተለው ስንቅን ነው። ስለዚህ ወደ ተራራው ስትወጡ፣ ማሳው ሳያልቅ፣ ከታች ብሉ፤ የተረፈውን ቋጥራችሁ ቦርሳ ውስጥ። ድንጋይ አትወርውሩ፤ ትንሽ ይሸሽና ከሩቅ ይከተላል፣ ያኔ የት እንዳለም አታዩትም። የሚሻለው መንደሩ ዳር ቆሞ «አባባ፣ ውሻውን ይጥሩልን» ማለት ነው። አብሯችሁ ለሚወጣው ጠባቂ፣ ለስካውቱም፣ ሳትነሡ ንገሩት፤ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ የሚመልሰው የለም።

«ለእረኛው ልጅ ብር ሰጥቶ ማስያዝስ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ጥሩ ሐሳብ... አይ፣ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ሁሉ ውሻ ይዞ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል።

በነገራችን ላይ ከምትልኩልኝ ፎቶ ግማሹ ተኩላ ነው፣ አብሽሩ፣ አልስቅባችሁም። ጭራውን እዩ፦ የቀይ ቀበሮ ጭራ ከሥሩ ነጣ ብሎ፣ ወደ ጫፉ ጥቁርና ድፍን ነው። ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭን። ተኩላው አመድማ ነው። ደግሞ ለቀይ ቀበሮ ብላችሁ በሌሊት አመዳይ አትርገጡ። አይጦቹ የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቅ ነው፣ እሷም ያኔ ነው የምትሠራው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ይበቃል። ጅብራ ላይ ተደግፋችሁ ፎቶ የምትነሡትም... አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፣ ለዚያች አንዴ ስንት ዓመት ቆሟል፣ ተዉት።

ምን ላይ ነበርኩ? ውሻው።

ጭላዳ መበርገጉ ትንሹ ነገር ነው። ውሻው ለቀበሮዎቹ የሚያስተላልፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው ጉዱ። ባሌ፣ ወብ ሸለቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ገብቶ፣ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን ገደማ ፈጀ። ባሌ ብዙ ስላለው ተነሣ። በዓለም ካሉት 500 ገደማ ከግማሽ በላይ እዚያ ነው። የእኛዎቹ የወሎዎቹ ግን፣ አቡነ ዮሴፍም ቦረና ሳይንትም፣ እያንዳንዱ ጥቂት መንጋ ነው፤ በመሃል እርሻና ቆላ። ጎጃም፣ ጮቄ ላይ የነበሩት ጠፍተው ቀሩ። ማን ተሻግሮ ይተካቸው?

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባሌ ላይ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ እየደበቁ ለቀበሮዎቹ ይሰጣሉ። ውሻውንም መከተብ ነው፤ ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ በሽታው መዛመቱን ያቆማል ይባላል። ግን ለመከተብ ውሻው መያዝ አለበት። ደጋ ላይ ያለው ውሻ እኮ ታስሮ አያውቅም። ባለቤቱ ራሱ አንገቱን የነካው ስንቴ ይሆን? «እሰሩት» ብትሏቸው ደግሞ «በጎቹን ከጅብ ማን ይጠብቅልኝ?» ይሏችኋል። ልክ ናቸው። ቀን ቀን ማሰር፣ ማታ መፍታት... ግን እኛ የምንወጣው ቀን፣ እረኛው ውሻውን የሚፈልገውም ቀን። ወይስ... ቆዩ፣ ቡናው ገነፈለ መሰለኝ—