ቸርኬዬን ወደ ውጭ ያወጣሁ ጊዜ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፣ ቡናውም ገና አልፈላም። ከኋላዬ የሚሰማችሁ ጉምጉምታ የአየር ማቀዝቀዣው ነው። ላስ ቬጋስ በበጋ ያለ እሱ አይሞከርም፣ ታገሱኝ።

ስለ ጎማ ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ስለ ጎማ። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ «አንተ ከሰው ይልቅ ከፒካፕህ ጋር ታወራለህ» ስትለኝ፣ እንግዲያው ለሰውም ላውራው አልኩ።

የጎሚስታ ልጅ ነኝ። አባቴ አዳማ መውጫ ላይ ጎማ ሲነቅልና ከመነዳሪ ሲለጥፍ ነው ያሳደገን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡሎን እፈታ ነበር። የማስቲሽ ሽታ እስከ ዛሬ የቤት ሽታ ይመስለኛል። እንግዲህ እንዲህ ያደገ ሰው ጎማ መምረጥ ላይ ይሳሳታል ብላችሁ ታስባላችሁ? ተሳስቻለሁ። ያውም በገንዘቤ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቬጋስ ወደ ደቡብ፣ ጂን ወደምትባለው መንደር በኩል ስትወጡ የደረቀ ሐይቅና በረሃ አለ። ሚንት 400 የሚባለው የበረሃ ውድድር የሚካሄደው በዚያ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረ ውድድር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይዞኝ ሄደ። ትሮፊ ትራክ የሚሏቸው መኪኖች ጉብታ ላይ ሲደርሱ ፍሬን አይዙም፣ ጭራሽ ነዳጅ ይሰጣሉ። አየር ላይ ሲወጡ አራቱም ጎማ ወደ ታች ይንጠለጠላል። መሬት ሲነኩ ደግሞ ጎማው ወደ ላይ ተስቦ ፓራፋንጎው ውስጥ ይጠፋል፣ አካሉ ግን ብዙም ሳይነቃነቅ ይቀጥላል። የፊት ጎማቸው ከታች እስከ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። የእኔ ቶዮታ ታኮማ ፒካፕ 20 ሳንቲ ቢሞላ ነው። ይቺን ልዩነት ያን ቀን አላሰብኳትም። ያሰብኩት «እኔስ?» ብዬ ብቻ ነው።

ታኮማዬን ሁለተኛ እጅ ነው የገዛኋት። ቸርኬዋ 16 ኢንች፣ ስፋቱ 7፣ ኦፍሴቱ +30 ነበር። ጎማዋ 265/70 ባለ 16፤ ማለትም ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ለ16 ኢንች ቸርኬ የሚሆን። ደህና፣ ጨዋ ጎማ። እኔ ግን ፏ ያለ ነገር ፈለግሁ። አንድ ጎማ ቤት ሄጄ 285/75 ባለ 16፣ ያ ቁመቱ 33 ኢንች የሚሉት፣ ቸርኬው 8 ተኩል ስፋት፣ ኦፍሴቱ −10 የሆነ አዘዝኩ። «ይገባል ወይ?» ስላቸው «ይገባል» አሉ። አልዋሹም። ቆሞ ሳለ ይገባል።

እዚህ ላይ ኦፍሴት የሚለውን ነገር ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ቸርኬውን ከጎን እንደ ድፎ ዳቦ መሃል ለመሃል ሰንጥቁት። ያ የመሃል መስመር ነው። ቡሎኑ የሚታሰርበት ገጽ ከዚያ መስመር ወደ ውጭ በኩል ካለ ፕላስ ነው፣ ጎማው ወደ መኪናው ይሸሸጋል። ወደ ውስጥ በኩል ካለ ማይነስ ነው፣ ጎማው ወደ ውጭ ይገፋል። ፕላስ ሲባል የሚወጣ ይመስላል፣ ግን ግልባጩ ነው። ልኩ በሚሊ ሜትር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ቸርኬው ጀርባ ላይ «ኢ ቲ» (ET) ከሚሉ ፊደላት አጠገብ ተቀርጿል። ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ አንብቡት።

የእኔን አስሉት። ከ+30 ወደ −10፣ የጎማው መሃል 40 ሚሊ ሜትር ወጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቸርኬው ራሱ ሰፋ፤ በየጎኑ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ የውጭ ጠርዙ 59 ሚሊ ሜትር ወጣ። ስድስት ሳንቲ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከሩቅ ሲያዩዋት ደረቷን የነፋች ዶሮ መሰለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት።

ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳ አላስረዘመም።

«ይሄን ጎማ ለምን ወደ ውጭ አወጣኸው?»

«ያምራል ብዬ ነው አባባ።»

«ለማን? ለኩሽኔታው?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ደረትህ ላይ አስጠግተህ ያዝ። ከዚያ ክንድህን ዘርግተህ ያዝ። ልዩነቱን ትከሻህ ይነግርሃል» አለኝ። ከዚያ ስለ እናቴ ደም ግፊት አወራን።

አባቴ ስክረብ ራዲየስ የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም። ግን የተናገረው እሱኑ ነው። መሪ ስትጠመዝዙ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ አለ። ጎማው ከዚያ ዘንግ በራቀ ቁጥር ድንጋይ ሲመታው መሪውን ከእጃችሁ ይነጥቃል። የመሪው መገጣጠሚያ ቴስቲናውም፣ ኩሽኔታውም ጫናውን በረጅም ክንድ ይቀበላሉ። አስፋልት ላይ ይህ በዓመት የሚታይ ነገር ነው። ስትዘሉ ግን በአንድ ሰከንድ ይመጣል። ዘላችሁ ስታርፉ መሬቱ ጎማውን ወደ ላይ የሚመታው ከመኪናው ክብደት እጥፍ ድርብ በሆነ ኃይል ነው።

እና ዘለልኩ። ትልቅ አይደለም፣ ጉልበት የማታክል ጉብታ። አየር ላይ የቆየሁት አንድ «ኧረ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነው። ሳርፍ መሪው ትንሽ ወደ ግራ ዞሮ ነበር። ጯ! ጨርቅ ሲቀደድ የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ የጎማ ቃጠሎ ሽታ። ወርጄ ሳይ የግራው ጎማ የውስጡን ፕላስቲክ ጎትቶ አውጥቶታል፣ የፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ውጭ ተጣሟል፣ ጎማው ራሱ ትከሻው ላይ በቢላ የተላጠ ይመስላል። ከኋላ ደግሞ ካቢናው ሻንሲው ላይ የሚቀመጥበትን ብረት ገጭቶታል። ከሁለት ወር በኋላ የግራው ኩሽኔታ ማጉረምረም ጀመረ። ለአባቴ አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ። ይህን ከሰማ... ደህና፣ ሰማ እንግዲህ።

ከዚያ በኋላ ነው በትክክል የሠራሁት፣ በትዕግሥት። አንድ ቅዳሜ ጋራዥ ገብቼ መኪናዋን በማቆሚያ ብረት ከሻንሲዋ አስቀመጥኩ። የፊት አሞርዛተሩን ከነሞላው ፈትቼ አወጣሁ። ጎማውን መልሼ አሰርኩ። አሁን ጎማውን የሚይዘው ሞላ የለም፣ እንደፈለግሁ ይወጣል ይወርዳል። የልጄን ቾክ ወስጄ የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን ነጭ ቀባሁት። ከዚያ ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ሥር ክሪክ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ገፋሁ፣ መጨረሻው ላይ ያለችው ማቆሚያ ላስቲክ እስክትጨፈለቅ። ማለትም ዘሎ ሲያርፍ ጎማው የሚገኝበት ቦታ። እዚያው ላይ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞርኩ።

ቾኩ ሁሉንም ተናገረ። ፓራፋንጎው ላይ ነጭ፣ የካቢናው ብረት ላይ ነጭ፣ ከፊት ፕላስቲኩ ላይ ነጭ። ላይኛው ክንድ ላይ ግን ምንም የለም። ማለት፣ ወደ ውስጥ በኩል ገና ቦታ ነበረኝ። ያን ሁሉ ወደ ውጭ ያወጣሁት ያለ ምክንያት ነበር። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ሲዞር የሚጠርገው ቅስት ይሰፋል፣ ስለዚህ የሚገጨው ነገር ይበዛል። ሰው ግን «ማይነስ ካደረግሁት አይነካም» ይላል። ውስጥ አይነካም፣ እውነት ነው። የሚነካው ሌላ ቦታ ነው።

ጎማዎቹን ደግሞ መዘንኩ። የሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ ጎማ ታቅፌ ቆሜ፣ ከዚያ ያለ ጎማ ቆሜ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። እያንዳንዱ ከድሮው በ7 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። ይህ 7 ኪሎ ከሞላው በታች ያለ ክብደት ነው፣ አሞርዛተሩ በየጉብታው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚታገለው። አየር ላይም ሥራ አለው። ነዳጅ ስትሰጡ የሚሽከረከረው ጎማ አፍንጫዋን ወደ ላይ ያነሳል፣ ፍሬን ስትይዙ ወደ ታች ይደፋታል። ጎማው በከበደ ቁጥር ይህ ይብሳል። ፍጥነት መቁጠሪያውም ይሳሳታል፦ የጎማው ቁመት 7 በመቶ ገደማ ስለጨመረ 60 ሲያሳየኝ 64 እሄዳለሁ።

«ታዲያ ራፕተርስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ። ለበረሃ የተሠራው ፒካፕ ፎርድ ራፕተር እ.ኤ.አ. የ2010 ሞዴል ሆኖ ሲመጣ 35 ኢንች ጎማ ነበረው፣ ከተራው የፎርድ ፒካፕ ከኤፍ 150 ደግሞ በ7 ኢንች ገደማ ይሰፋል። ቸርኬውን ግን ገልብጡት፤ +34 ነው። ፕላስ! የሰፋው በቸርኬ ሳይሆን የፊት ክንዶቹን አስረዝመው፣ አካሉንም አብረው አስፍተው ነው። ጎማው ኩሽኔታው አጠገብ፣ ቦታው ላይ ነው። እኔ በቸርኬ ልሠራው የሞከርኩትን እነሱ በብረት ሠሩት። ትሮፊ ትራኮቹም እስከ 40 ኢንች ጎማ እያሰሩ ቸርኬያቸው 17 ኢንች ብቻ ነው። በቸርኬውና በመሬቱ መካከል ብዙ ጎማ እንዲኖር ነው፤ ድንጋይ ላይ ሲያርፉ የሚታጠፈው ጎማው ይሁን እንጂ ቸርኬው አይሁን። ከተማ ውስጥ 22 ኢንች አስሮ የሚዘል ሰው ካያችሁ ንገሩኝ፣ መጥቼ አያለሁ።

አሁን ያሰርኩት 265/75 ባለ 16 ነው። 32 ይሉታል፣ ሲለካ 31.6 ኢንች ነው። ቸርኬው 8 ስፋት፣ +10። የቾኩን ፈተና ደግሜ ሠራሁ፤ ፕላስቲኩ ላይ ትንሽ ነካ፣ እሷን በሙቀት አጥፌ ወደ ኋላ አስኬድኳት። የአየር ግፊቱን አሸዋ ላይ እንደሚደረገው እስከ 15 ፒ ኤስ አይ አላወርደውም፤ ስዘል ከ28 በታች አልሄድም፣ ቸርኬው ጎማውን መሬት ላይ እንዳይቆነጥጥብኝ። ደግሞም ጉብታዎቹን አሳንሻለሁ። ታኮማዋ ታኮማ ነች።

አሮጌዎቹ ማይነስ ቸርኬዎች ጋራዥ ውስጥ ተደርድረው ነበር። ባለፈው ሐሙስ አንድ ሐበሻ ልጅ ማስታወቂያዬን አይቶ ደወለ። ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እኔ ጠየቅሁት።

«ትዘላለህ?»

«ምን?»

«በመኪናህ። በረሃ ትወጣለህ?»

«ኧረ አልወጣም ጋሼ። ቅዳሜ ማታ ምግብ ቤቱ በር ላይ አቆማታለሁ እንጂ።»

«ና ውሰድ» አልኩት።