የቦዩ ባለቤት ማነው? መንግሥትና ኦፕን ሶርስ

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ሐምሌ። የተደፈነ የጎርፍ ቦይ]

ዝናቡ አባርቷል፤ ውሃው ግን አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ቦዩን ደለልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ደፍኖታል። ለማን ይነገር? ቀበሌው ወደ ክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማው ወደ ከተማ አስተዳደር ይልካል።

ሊኑክስ ላይ እንዲህ መንከራተት የለም። ሊኑክስ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ማንም እንዲያየው፣ እንዲያርመውና እንዲገለብጠው ክፍት ያደረገ (ኦፕን ሶርስ) የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ከኮዱ ጋር አብሮ «ሜንቴነርስ» (ጠባቂዎች) የሚባል ፋይል ይመጣል፤ የቱን ክፍል ማን እንደሚጠብቀው ከነኢሜይሉ ይዘረዝራል። እርማት የሚልክ ሰው ከሥሩ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» (ፈራሚው) ብሎ ስሙን ያሰፍራል። ተቀብሎ ያሳለፈውም የራሱን ይጨምርበታል። ነገ ኮዱ ቢበላሽ በማን በማን እጅ እንዳለፈ መዝገቡ ይናገራል።

ዴሞክራሲ ነው እንዳይባል፣ የመጨረሻው ቃል የሊኑክስ ፈጣሪ የሊነስ ቶርቫልድስ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አልመረጠውም። ልጓሙ ሌላ ነው፦ ያልተስማማ ኮዱን ገልብጦ መሄድ ይችላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ኦፕን ኦፊስ ከተባለው የቢሮ ሥራ ፕሮግራም ሠሪዎች ብዙዎቹ እንዲሁ ኮዱን ይዘው ወጡና ሊብሬ ኦፊስን ጀመሩ።

[ምስል፦ አዲሱ የአባይ ድልድይ]

ይህን 380 ሜትር ድልድይ ማን ገልብጦ ይሄዳል? «መንግሥት እንደ ኦፕን ሶርስ ይሁን» የሚሉ ሰዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሌላ ልጓም አበጅቷል፦ አሠራሩ ግልጽ ይሁን፣ ባለሥልጣኑ ይጠየቅ፣ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሕዝብ ከቦታው ያንሳው።

[ምስል፦ ማመልከቻ፣ በቅርበት]

ወደ ቦዩ እንመለስ። «መልካም አስተዳደር ይስፈን» የሚል ማመልከቻ ማንም ሊፈጽመው አይችልም። ሊኑክስ ላይም ደንቡ አንድ እርማት ለአንድ ችግር ነው። ስለዚህ አንድ ቦይ ብቻ ይጻፍ፦ ከየት እስከ የት፣ ስንት ሜትር፣ ደለሉ ስንት ሳንቲ ሜትር፣ ምን ይደረግ። በሁለት ቅጂ። ለኃላፊው በእጅ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰውየው ሲዛወር ወረቀቱም አብሮት ይጠፋል። መዝገብ ቤት ይግባ፤ ቀሪው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ይደረግበት። ከዚያ ለማን እንደተመራ ይጠየቅ። የቦዩ ሜንቴነር እሱ ነው።

ለጠረጋው የተያዘው በጀት የት እንደዋለ ለማወቅ ደግሞ በአዋጅ 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የመረጃ ጥያቄ ይቀርባል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ፣ ክልከላ ከሆነም ከነምክንያቱ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። በሩ ላይ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ግን ቁጥር አይሰጥም፤ 30ው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር የሚያሳይ ወረቀት በእጅ አይኖርም።