ቡዲ ኤመንስ እና ለሁለት የተከፈለው ፔዳል

(ድምፅ፦ ሳግ የያዘው የሚመስል፣ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት የጊታር ድምፅ። ስክሪኑ ጨለማ ነው።)

ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። የመሣሪያውን ስም ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ድምፁን ግን ታውቁታላችሁ።

ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶሊ ፓርተንን፣ ዶን ዊልያምስን እየሰማ ያደገ ሰው በየቤቱ አለ። ሚኒባስ ውስጥም ሰምታችኋቸዋል፣ ሻይ ቤትም ሰምታችኋቸዋል። እንደዚህ ዓይነት ዘፈኖች ውስጥ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ከኋላ የሚያለቅስ ነገር አለ። እኔ ልጅ እያለሁ ቫዮሊን ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ደግሞ "አይ፣ ተቀባይዋ ናት" ይለኝ ነበር። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ይህን መሣሪያ አሁን ያለውን መልክ ስላስያዘው ሰው ነው፤ ስለ ቡዲ ኤመንስ። በ78 ዓመቱ ጁላይ 2015 ላይ አረፈ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው፤ እንዳትደናገሩ።

(ምስል፦ መሣሪያው ከፊት ለፊት፣ ከዚያ ከጎን።)

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ደረት ላይ የሚታቀፍ ጊታር ከጠበቃችሁ አይደለም። ይሄ ጠረጴዛ ነው። አራት እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ፣ ክሮቹ ከላይ የተወጠሩበት። ተጫዋቹ ከኋላው እንደ ልብስ ሰፊ ይቀመጣል። ልብስ ሰፊ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ሲንጀር ላይ የተቀመጠ ሰው አይታችሁ የለ? እጁ ጨርቁን ይመራል፣ እግሩ ከታች ይሠራል። ይሄም እንደዚያው ነው፤ ግን ይብሳል።

ግራ እጅ ክብና ለስላሳ ብረት ይይዛል። ስቲል የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ብረት ነው። ክሩ እንደ ተራው ጊታር እንጨት ላይ አይጫንም። ብረቱ ከላይ አርፎ ይንሸራተታል። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ጭራው ላይ ሲያስኬድ ድምፁ ሳይቆረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚያልፈው ማለት ነው። ከክሮቹ ሥር የምታዩዋቸው መስመሮች ምልክት ብቻ ናቸው። የሚይዝ ነገር የለም። እጁ በፀጉር ስፋት ከሳተ ድምፁ ይሰበራል።

ቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሁለት ጣቶች ላይ መምቻ አጥልቆ ክሩን ይነካል። ቀኝ እግር የድምፅ መጠን የሚጨምርና የሚቀንስ ፔዳል ላይ ነው። ክሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየከሳ ሲሄድ እግሩ ቀስ እያለ ይሞላዋል። ኖታው የማያልቅ የሚመስለው ለዚህ ነው። ግራ እግር ደግሞ ሌሎች ፔዳሎች ላይ ነው። ጉልበቶቹም አላረፉም፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ የሚገፏቸው ማንሻዎች አሉ። የቀረው ግንባሩ ብቻ ነው፤ እሱም ያልበዋል።

የግራ እግር ፔዳሎች ምን ይሠራሉ? ከጠረጴዛው ሥር ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘንጉ ክሩን ይስበዋል። ክሩ ይወጠራል፣ ድምፁ ከፍ ይላል። ሲለቀቅ ይመለሳል። በቃ፣ እየተጫወቱ መቃኘት ማለት ነው። ክራር ተጫዋች ቅኝት መቀየር ሲያምረው ዘፈኑን ይጨርሳል፣ ጎንበስ ይላል፣ መቃኛውን ያዞራል፣ ታዳሚውም ይጠብቀዋል። ይሄኛው ግን ክሩ ገና እየጮኸ ነው የሚቀይረው።

(ምስል፦ የሃዋይ የባሕር ዳርቻ፣ ጥቁርና ነጭ።)

ክር ላይ ብረት ማንሸራተት የመጣው ከሃዋይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል ወጣት እንደጀመረው ይነገራል። ከዚያ ወደ ዋናው አሜሪካ ተሻገረና ፋሽን ሆነ። ምን ያህል ፋሽን? ኤመንስ በ1937 የተወለደው ኢንዲያና ውስጥ ሚሻዋካ በምትባል ከተማ ነው። 11 ዓመት ሲሞላው ባለ ስድስት ክር ስቲል ጊታር ተገዛለት፤ ጭን ላይ የሚጋደም፣ ፔዳል የሌለው። የተማረውም አጠገቡ ሳውዝ ቤንድ ከተማ ውስጥ ባለ የሃዋይ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። አስቡት እስቲ። በረዶ እየወረደ፣ ካፖርት የደረበ ልጅ የሃዋይ ዜማ ሊያጠና ሲሄድ።

16 ዓመት ሲሆነው ትምህርት ቤቱን ትቶ ባንድ ገባ። ከዚያ ዲትሮይት። በ1955 ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ማዕከል ከሆነችው ከናሽቪል ከተማ ሊትል ጂሚ ዲከንስ የሚባል ዘፋኝ እዚያ ሥራ ይዞ መጣ። ስቲል ተጫዋቹ ዋልተር ሄይንስ ስላልነበረ ኤመንስ ተተክቶ ተጫወተ። ዲከንስም በዚያው ቀጠረው። ልጁ ናሽቪል ሲገባ 18 ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዚህ ቪዲዮ ነገር ያለው እዚህ ነው።

(ምስል፦ አንድ ፔዳል፣ በቅርብ።)

ፔዳል ያላቸው ስቲል ጊታሮች ከዚያ በፊትም ነበሩ። ተጫዋቾቹ ግን ፔዳሉን የሚረግጡት ቅኝት ለመቀየር ብቻ ነበር፤ ልክ እንደ ክራሩ መቃኛ። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ለማለፍ። በ1954 ዌብ ፒርስ የሚባል ዘፋኝ "ስሎውሊ" የሚል ዘፈን አወጣና አንደኛ ወጣ። ስቲል የተጫወተው ባድ አይዛክስ ነው። አይዛክስ ክሮቹን መታ፤ ድምፁ አየር ላይ እያለ ፔዳሉን ረገጠው። ኮርዱ፣ አንድ ላይ የሚሰሙት ድምፆች ማለት ነው፣ ሰው እየሰማው ተጣመመ። ያንን የሰሙ ስቲል ተጫዋቾች ሥራ በዛባቸው፤ ጊታራቸው ላይ ፔዳል ማሰር ያዙ።

የአይዛክስ ፔዳል ግን አንድ ነው። ሲረገጥ ሁለት ድምፆችን አንድ ላይ ከፍ ያደርጋል። ኤመንስ ያንን ሥራ ለሁለት ከፈለው። አንዱ ድምፅ ለአንድ ፔዳል፣ ሌላው ለሌላ ፔዳል። ይኸው ነው።

"ይሄ ምን ያስደንቃል?" ካላችሁ በሦስት ክር እንየው።

(ምስል፦ ሦስት ክሮች፣ በሦስት ቀለም።)

ክሮቹ ኢ፣ ቢ እና ጂ ሻርፕ ናቸው። አንድ ላይ ሲመቱ ኢ ሜጀር ይሆናሉ፤ የረጋ፣ ሆዱ የሞላ ኮርድ። የመጀመሪያው ፔዳል፣ ኤ የሚሉት፣ ቢን ወደ ሲ ሻርፕ ይወስደዋል። ሁለተኛው ፔዳል፣ ቢ የሚሉት፣ ጂ ሻርፕን ወደ ኤ ያወጣዋል። ፔዳሎቹም ኖታዎቹም በአንድ ፊደል መጠራታቸው የኔ ጥፋት አይደለም።

ሁለቱን አንድ ላይ ርገጡ። ኤ ሜጀር ሆነ። አይዛክስ ያደረገው ይህን ነው፤ ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው በአንድ እርምጃ።

አሁን ኤን ብቻ ርገጡ። ኢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ። ሲ ሻርፕ ማይነር! ፊቱ ጠቆረ። ቢን ጨምሩበት፤ ተመልሶ ፈካ። እንደገና ልቀቋቸውና ቢን ብቻ ርገጡ። አሁን ደግሞ ተንጠልጥሎ የቀረ ነገር ነው የምትሰሙት፤ "እሺ፣ ከዚያስ?" የሚያሰኝ። መግባቱም መውጣቱም በየተራ ሆነ። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው እየተጎተተ። አጎቴ ተቀባይ ናት ያለው ድምፅ፣ ያ ሳግ፣ እዚህ መሃል ነው ያለው።

ሁለቱ ፔዳሎች ጎን ለጎን ስለሆኑ አንድ እግር ሁለቱንም ይሸፍናል። ቁርጭምጭሚት ወደ ግራ ዘንበል ሲል ኤ ይወርዳል፣ ወደ ቀኝ ሲል ቢ። ጥሩ ተጫዋች ስታዩ ጫማውን ተመልከቱት። ጣቶቹ ብዙም አያወሩም። ጫማው ነው የሚያወራው።

ሰውየው በዚህም አልበቃው። በ1962 ሬይ ፕራይስ የሚባል የካንትሪ ዘፋኝ ባንድ ውስጥ ገባ። በዚያው ሰሞን ኢ ናይን በሚባለው ቅኝት ላይ ሁለት ክር ጨመረ፤ ኤፍ ሻርፕና ዲ ሻርፕ። ያስገባቸው ከተጫዋቹ ወዲያ ማዶ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ክር ቦታ ነው። ስለዚህ የክሮቹ ተራ ተዛባ። አንደኛው ክር ከሦስተኛው የወረደ ድምፅ አለው። ጀማሪ መጀመሪያ ቀን "ይሄ ተበላሽቷል" ቢል አይፈረድበትም። ጥቅሙ የሚገባው ዜማ ሲሞክር ነው። ድሮ ብረቱን ወዲያና ወዲህ እያስሮጡ የሚለቅሟቸው ኖታዎች አሁን እዚያው እጁ ሥር አሉ። ዛሬ የተለመደው ባለ 10 ክር ኢ ናይን እነዚያ ሁለት ክሮች አሉበት።

(ምስል፦ ባለ ሁለት አንገት፣ ማለትም ሁለት ረድፍ ክር ያለው ጊታር። አንዱ በኢ ናይን፣ ሌላው ሲ ሲክስ በሚባል ቅኝት።)

በዚህ መሃል ዕቃውንም ራሱ ይሠራው ነበር። ገና በ1950ዎቹ ሾት ጃክሰን ከሚባል ተጫዋች ጋር ሾ-በድ የተባለውን የጊታር ሥራ ጀመረ። ስሙ የሁለቱ ስም ነው፤ ሾት እና ቡዲ። በኋላ በ1963 ከዚያ ወጥቶ ኤመንስ የሚባለውን ጊታር ከሮን ላሽሊ ጋር መሥራት ያዘ፤ ኖርዝ ካሮላይና፣ በርሊንግተን ውስጥ። ድርጅት እያቋቋመ፣ ከሬይ ፕራይስ ጋር እየዞረ፣ ያው 1963 ሳያልቅ ደግሞ ኒውዮርክ ወርዶ ከጃዝ ሰዎች ጋር አልበም ቀረጸ። "ስቲል ጊታር ጃዝ" ይባላል። ሳክስፎን ጄሮም ሪቻርድሰን ነው። በኔ ጆሮ ሪቻርድሰን ሲጫወት ኤመንስ እንደ እንግዳ አይመስልም። ለካንትሪ ሙዚቃ ብቻ ነው ተብሎ የተናቀ መሣሪያ ሳክስፎን አጠገብ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጥድፊያ ልለፈው። 1960ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ሎስ አንጀለስ ሄደ። እዚያ ከዘፋኙ ሮጀር ሚለር ጋር እየዞረ የተጫወተው ምን ይመስላችኋል? ቤዝ ጊታር! ያለ እሱ የማይታሰብ መሣሪያ እያለው ከኋላ ቆሞ ቤዝ ይመታ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ስቲሉን አልተወም። በ1968 ጁዲ ኮሊንስ ያወጣችውን "ሰምዴይ ሱን" ፈልጋችሁ ስሙ። ዘፋኟ ስንኙን ስትዘጋ እሱ ይገባል፤ ስትመለስ ይወጣል። አንድም ጊዜ አይረግጣትም። ይሄን ያህል የሚችል ሰው ይሄን ያህል ዝም ማለቱ ነው እኔን የሚገርመኝ።

በ1974 ናሽቪል ተመለሰ። በ1981 የስቲል ጊታር የዝና አዳራሽ ውስጥ ስሙ ገባ። በ1990ዎቹ ከኤቨርሊ ብራዘርስ ጋር ዓለም ዞረ። ባለቤቱ ፔጊ በ2007 አረፈች፤ ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ እምብዛም አልታየም። ባልደረቦቹ "ቢግ ኢ" ነበር የሚሉት፤ ትልቁ ኢ።

(ምስል፦ የአፍሪካ ካርታ፣ ወደ ናይጄሪያ እየቀረበ።)

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። መሣሪያው እኛ አህጉርም ገብቷል። ናይጄሪያዊው ዘፋኝ ኪንግ ሰኒ አዴ ጁጁ በሚባለው የሀገሩ ሙዚቃ ውስጥ ፔዳል ስቲል አስገባ። የተጫወተለት ዴሞላ አዴፖጁ ነው። ከሚያወሩ ከበሮዎች መሃል ያ የናሽቪል ሳግ ብቅ ሲል ሳቅ ያመጣል፤ የደስታ ሳቅ። የኛ ሀገር ባንዶች ውስጥ ቢገባስ እላለሁ አንዳንዴ። አምባሰል በፔዳል ስቲል... አስቡት ብቻ።

(ምስል፦ ወደ ፔዳሎቹ እንመለሳለን። ሦስት ፔዳሎች ከላይ።)

ወደ ጫማው ልመለስ። ሬይ ፕራይስ ባንድ ውስጥ ከኤመንስ በፊት ጂሚ ዴይ የሚባል ሌላ ትልቅ ተጫዋች ነበር። እሱም ፔዳሎቹን ይጠቀምባቸው ነበር፤ ግን በተቃራኒው ተራ። ከኤ እና ከቢ ሌላ ሲ የሚሉት ሦስተኛ ፔዳልም አለ፤ ኤመንስ ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ሲደረድር ዴይ ሲ፣ ቢ፣ ኤ አለ። ሥራቸው ያው ነው። የሚለየው እግሩ የሚዘነበልበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ግን አንዴ በአንዱ የለመደ እግር በሌላው መጫወት ያቅተዋል፤ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ላይ እንደተቀመጠ ሹፌር ይሆናል።

ዴይ በ1999 አረፈ፤ ኤመንስ በ2015። ዛሬ ፔዳል ስቲል ሊያሠራ የሄደ ሰው ቀለሙን ይመርጣል፣ ስንት አንገት እንደሚፈልግ ይናገራል። ከዚያ ሠሪው ወደ እግሩ እያየ ይጠይቀዋል፦ "ኤመንስ ነው ዴይ?"

(ድምፅ፦ ሦስቱ ክሮች። ኤ ብቻ። ከዚያ ቢ።)