አልፋን ማን መረጠው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ነገር ነው፦ ዳታው ብቻውን አስተማማኝ መልስ ሳይሰጠን ሲቀር፣ አልፋ በምትባል እኛው በምንመርጣት ቁጥር መልሱን ስለማረጋጋት።

ሁለት እኩልታ ልስጣችሁ። እስክሪብቶ ካላችሁ ጻፏቸው። አንደኛው፦ ኤክስ ሲደመር ዋይ፣ 2። ሁለተኛው፦ ኤክስ ሲደመር 1.0001 ጊዜ ዋይ፣ 2.0001። መልሱ ቀላል ነው፤ ሁለቱም 1 ናቸው። አሁን 2.0001 የነበረውን 2.0002 አድርጉት። ኤክስ ዜሮ ሆኖ ቁጭ፣ ዋይ ደግሞ 2! የነካነው እኮ አራተኛዋን የአስርዮሽ ቤት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከመለኪያ መሣሪያ የመጣ ቢሆንስ?

ከውጤት ተነስቶ መንስኤውን መፈለግ፣ ማለትም ኢንቨርስ ፕሮብሌም፣ ብዙ ጊዜ ይሄ ጠባይ አለው። የደበዘዘ ፎቶ ማጥራትም፣ መሬት ላይ በተለካ ነገር ከሥር ያለውን ዓለት ማወቅም ያው ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣክ አዳማር ለጤናማ ጥያቄ ሦስት መስፈርት አስቀምጦ ነበር፦ መልስ ይኑረው፣ መልሱ አንድ ይሁን፣ ዳታው ትንሽ ሲነካ መልሱም ትንሽ ብቻ ይነካ። የእኛ ጉድ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

በ1963 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬይ ቲኮኖቭ ሬጉላራይዜሽን የሚባለውን ዘዴ አቀረበ። እኩልታው ልክክ ብሎ ይሟላ ብለን ሙጭጭ አንልም። የእኩልታውን ስህተት፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎኑን ልዩነት፣ በካሬ እንወስዳለን፤ የመልሱን መጠን በካሬ ወስደን በአልፋ አባዝተን እንደምርበታለን፤ ድምሩን ከሁሉ ትንሽ የሚያደርጉትን ኤክስና ዋይ እንፈልጋለን። አልፋ እኛ የምንመርጣት ቁጥር ናት። 0.01 ብንላት ኤክስም ዋይም 0.9975 አካባቢ ይወጣሉ። ዳታው 2.0001 ሆነ 2.0002፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ትክክለኛው መልስ 1 ከሆነ ሆን ብለን ትንሽ ተሳስተናል። ይሄ አያሳስበኝም፤ ርካሽ ዋጋ ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እውነቱ ዜሮና 2 ቢሆንስ? ዘዴው ያኔም 0.9975 ነው የሚለው፣ ዓይኑን ሳያሽ! ዳታው የኤክስንና የዋይን ድምር በደንብ ይነግረናል። ልዩነታቸውን ግን ከልኬት ስህተቱ ለይቶ አይነግረንም። ያንን ክፍተት የሞላነው እኛ ነን፣ «መልሱ ትልቅ አይሆንም» በሚል ግምት። መልሱ ስለረጋ ብቻ እውነት አልሆነም።

ግምቱን መቀየር ይቻላል። በ1992 እ.ኤ.አ. ሩዲን፣ ኦሸርና ፋተሚ የተባሉ ተመራማሪዎች ለምስል ቶታል ቫሪየሽንን አመጡ፤ በመልሱ መጠን ፋንታ በምስሉ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለውን የለውጥ ድምር ያሳንሳል፤ የነገሮችን ጠርዝም ስል አድርጎ ያቆያል። ድክመቱ ግን ረቂቅ ሸካራነትን ጠራርጎ ሊያጠፋ መቻሉ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ መልስ የሚጠጋን ስሌት የልኬት ስህተቱን መከተል ሳይጀምር ቶሎ ማቆም ራሱ ሬጉላራይዜሽን ነው። ብዙዎች ሳያውቁት ያደርጉታል።)

አልፋ እንዴት ይመረጥ? ሞሮዞቭ የተባለውን የሒሳብ ሊቅ መርህ እወደዋለሁ፦ ዳታው ውስጥ የልኬት ስህተት ስላለ፣ መልሱ ከዚያ ስህተት መጠን ባነሰ ልዩነት ከዳታው ጋር እንዲገጥም አታስገድዱት። ችግሩ የስህተቱን መጠን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል፤ ሁልጊዜ ደግሞ አይታወቅም።

ስለዚህ አሁን አሁን አንድ ሰው ያማረ ውጤት ሲያሳየኝ፣ አልፋዋን አሥር እጥፍ አሳድገህ፣ ደግሞም አሥር እጥፍ ቀንሰህ ጎን ለጎን አሳየኝ እላለሁ። በሦስቱም ላይ ያለውን ነገር አምናለሁ። በአንዱ ብቻ ብቅ ያለውን ግን ሌላ ልኬት እስኪመጣ አቆየዋለሁ። በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።